የአባታችን የጨው ድንጋይ በከብት ክሊኒኩ ግድግዳ

ለወንድምዓለም ለያርጋል፤ ካለህበት ከጂንካ ይድረስህ።

እንደምን ከረምህ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እዚያ ብርድ የለም ትላለህ። እኔ ብርድ የሌለበት አገር አይቼ ስለማላውቅ፣ ወገብህን ባሰብኩ ቁጥር እዚሁ ደጃፋችን ላይ ጋቢ ደርበህ ቆመህ ነው የማይህ። ብርሃኔስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ጥርስ አወጣች? ለገና ስትደውል ከኋላህ ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ድምፅዋ የእማን ይመስላል። ይህን ለእማ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ሳምንቱን ሙሉ ከስልኩ አጠገብ አትነሳም ነበር።

እኛ ሁላችን፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ ደኅና ነን። እማ የግራ ዓይኗ ትንሽ ደከም ብሎባታል እንጂ አንደበቷ እንደ ድሮው ነው። ታናሻችን ዓለምነህ ገብሱን ወቅቶ አስገብቷል። ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃዋ ጥቁር ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ብሎባታል። ስለ ከብቶቹ ሳወራ እጄ እንደሚፈጥን ታያለህ። ወደ ሌላው ነገር ስደርስ ደግሞ እንደሚዘገይ ታየዋለህ።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። መስመሩ ሲቆራረጥ፣ ዝም ያልከው አንተ ትሁን ኔትዎርኩ ይሁን አይለይልኝም፤ እሱን እፈራለሁ። በወረቀት ግን ዝምታህን አልሰማውም። ነገሩ አባባ ከብቶቹን ጨው ያልስባት ስለ ነበረችው ስለ ጨው ድንጋይዋ ነው። ይኸው፣ ተናገርኩት። አልጠፋችም። አልተሰበረችም። ግን አደራ ብለህ በተውክበት ቦታ የለችም። ለገና "ድንጋይዋ አለች?" ስትለኝ "አለች" ማለቴ እውነት ነበር፤ የት እንዳለች ግን አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልነገርኩህም።

እንዴት እንደ ሆነ ለመናገር ከክሊኒኩ መጀመር አለብኝ። ክሊኒኩን ሳታውቅ ብትቆጣ ይከፋኛል። አውቀኸው ብትቆጣ ግን እቀበልሃለሁ።

ወንድምዓለም፣ ጓሳ ሜዳ ላይ የከብት ክሊኒክ ተሠራ። ያ የወይራው ዛፍ የነበረበት፣ በዓመት አንድ ቀን ሐኪም መጥቶ ከብት የሚወጋበት ቦታ ትዝ ይልሃል? እሱ ላይ ነው። አምስት ክፍል አለው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከዳባት የሚመጣው ሚኒባስ ዳገቱን ሲጨርስ መጀመሪያ የሚያየው የሱን ጣሪያ ነው። ድሮ ወራጅ "ዛፉ ጋ" ነበር የሚለው፤ አሁን "ክሊኒክ ጋ" ይላል። አንድ ቀን ከዳባት ስመለስ አንድ የማላውቀው ሰው "ክሊኒክ ጋ ወራጅ አለ" ሲል ሰማሁና፣ እኔም እዚያው የምወርድ ሆኜ ሳለ፣ ደስ ብሎኝ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ግማሽ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

ሥራው ሲጀመር ከየጎጡ የክትትል ኮሚቴ ተመረጠ። ሊቀ መንበሩ አያ ዋሴ ናቸው፤ የታችኛው ሰፈሩ፣ በሬያቸውን ከልጃቸው አስበልጠው የሚወዱት። እኔን አሥረኛ ስለ ጨረስኩ ጸሐፊ አደረጉኝ። የጸሐፊ ሥራ ጽሑፍ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ጠዋት ላሟን አልቤ እየሄድኩ የሲሚንቶውን ከረጢት ማየት ሆነ፣ አሸዋው ታጥቦ እንደ ሆነ በእጄ መዝገን ሆነ፣ ግንበኛው ቱምቢውን ሲጥል ክሩ ከግንቡ ጋር እኩል መውረዱን አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ያለ ነገር አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የቤታችን ምሰሶ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ መሆኑን ታውቅ ነበር? ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬበት አላየሁትም ነበር።

መሐንዲሱ ገና ልጅ እግር ነው፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ከጎንደር ይመጣል። ፕላኑን ሲዘረጋልን መግቢያው ሦስት ደረጃ ነበረው። ሁላችንም አየነው፤ አምሮ የተሣለ ስለ ሆነ ማንም ምንም አላለም። እኔ ማታ ተኝቼ ላም ደረጃ ስትወጣ ለማየት ሞከርኩ፣ አልታየኝም። በበነጋው "ከብቶቹ በየት ይገባሉ?" አልኩት። "በበሩ ነዋ" አለኝ። አያ ዋሴ ዱላቸውን ተደግፈው "ልጄ፣ ደረጃ የተሠራው ጫማ ላለው ነው፤ የእኔ በሬ ባዶ እግሩን ነው" አሉት። መሐንዲሱ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ቀጥሎ እርሳሱን አውጥቶ ሦስቱን ደረጃ ሰረዘና ተዳፋት አደረገው። ያንን ስርዝ በዓይኔ አየሁት። በሕይወቴ እኔ ጠይቄ የተሰረዘ የመጀመሪያው መስመር ነው።

የወለሉም ነገር እንዲሁ ነው። ግንበኛው ቻላቸው ይባላል፣ የዳባት ሰው ነው፤ ሊሾ ሲስብ እንደ መስታወት ነው። የከብቶቹን ክፍል ወለል ስቦ ሲጨርስ ጠራኝና "ነይ፣ ፊትሽን አይተሽበት ፀጉርሽን ሥሪ" አለኝ። "ከብት ፀጉሩን አይሠራም፤ ይንሸራተታል" አልኩት። ኮስተር አለ። "ሃያ ዓመት ሊሾ ስስብ፣ ሻካራ አድርግልኝ ያለኝ አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ" ብሎ ማለስለሻውን ጥሎ ወጣ። ከደጅ ቆይቶ ተመለሰ፤ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫረው። አሁን መስመር መስመሩን ስታየው የታረሰ ማሳ ይመስላል። እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ክፍል ለሰው ሲያሳይ "ይህን እኔ አልሠራሁትም" ይላል።

አሁን ወደ ድንጋዩ።

መንግሥት ሲሚንቶውንና ቆርቆሮውን፣ ሕዝቡ ደግሞ ድንጋዩን እንዲያቀርብ ነበር ስምምነቱ። ከየቤቱ የአቅም ያህል። እኛ ቤት ከአባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በረት በቀር ድንጋይ የለም። በረቱ አንተ ከሄድክ በኋላ ከብት አልገባበትም። ያሉን ሁለት ላሞች ከቤት ጎን ነው የሚያድሩት፤ በረቱ ውስጥ ሳማ ነው የበቀለበት። እማን ጠየቅኋት። እሷም "ባዶ በረት ከማየት ሙሉ ክሊኒክ ማየት ይሻላል" አለችኝ። አንተን ግን አልጠየቅሁህም። እልፍ ጊዜ ስልኩን አንስቻለሁ። አንተ "እምቢ" ብትል በረቱን ይዤ ኮሚቴው ፊት እንዴት እቆማለሁ አልኩ፤ "እሺ" ብትል ደግሞ ተስፋ ቆርጠህ እሺ ያልክ ይመስለኛል አልኩ። ሁለቱንም መልስ ፈራሁና ሳልጠይቅ ቀረሁ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው።

የሄድክበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባ ጎርባ፣ ያ የከብት በሽታ፣ የገባበት ዓመት። ወይፈኑ ቦራ ጠዋት አነከሰ፣ ታፋው አበጠ፣ ለማታ ወደቀ። አንተ ደባርቅ ድረስ በእግርህ ሄድክ። ሐኪሙ ወደ ዛሪማ በኩል ወርዶ ነበር፤ ጠብቀህ፣ ክትባቱ እስኪመጣ ደግሞ ጠብቀህ፣ በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ሰባቱም ከብቶቻችን ወድቀው አባባ የጨው ድንጋይዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነበር። ጎድጓዳዋ ውስጥ ያልተላሰ ጨው ነበረ። በማግሥቱ ጠዋት አንተ ቦርሳህን ይዘህ "ሌላውን እንደ ፈለጋችሁ፤ ድንጋይዋን ብቻ አትንኩብኝ። ከብት ገዝቼ ስመለስ ከሷ እጀምራለሁ" አልክ። ለአባባ አልነበረም የነገርከው። እኔን እያየህ ነው የተናገርከው። ለምን እኔን እንዳየህ አላውቅም። ምናልባት ከፊትህ የቆምኩት እኔ ስለ ነበርኩ ብቻ ይሆናል። እኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደ አደራ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ በረቱ ሊፈርስ ሲል ድንጋይዋን ለይቼ በኖራ መስቀል አደረግሁባት። ማንም እንዳይነካት ነው። ሰው መስቀል ያለበትን ነገር አይነካም ብዬ ነው። ምልክቴን ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁት፤ ደማቅ ነበር፤ ልቤ ዐረፈ።

በማግሥቱ የእማን ዓይን ለማሳየት ዳባት ጤና ጣቢያ ሄድን። እኔ በሌለሁበት የደቦው ሰዎች የመጨረሻውን ጭነት ሊያነሱ መጡ። እዚህ ላይ የማታውቀው ነገር አለ። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ "ከየቤቱ ከሚመጣው ድንጋይ አንዱን ባርኬ ለማዕዘን እሰጣለሁ" ብለው ነበር። እኔ ያን ቀን እማ አሟት አልሄድኩም፤ አልሰማሁም። ሰዎቹ በረቱ ውስጥ ብቻዋን ተለይታ፣ ነጭ መስቀል ተደርጎባት የተቀመጠች ድንጋይ አዩ። ምን ይበሉ? አትንኳት ማለት ሳይሆን ቄሱ የባረኳት መሰለቻቸው። በእጃቸው ሳይነኳት ነጠላ አንጥፈው ቃሬዛ ላይ አወጧት። ለአራት ተሸክመው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ነው ሜዳው የደረሱት። ቻላቸው ቆቡን አውልቆ ተቀበላት። መስቀሉ ለሚያልፈው ሁሉ እንዲታይ ብሎ አቆማትና፣ ጎድጓዳዋን ወደ ውጭ አድርጎ፣ በገበያው መንገድ በኩል ባለው በኋለኛው ማዕዘን በወገብ ከፍታ ገነባት። ቄሱ ያን ቀን ደባርቅ ለቀብር ወጥተው ነበር፤ ሲመለሱ ድንጋይዋን አይተው ሌላ ካህን የባረካት መስሏቸው ዝም አሉ።

እኔ ከዳባት ስመለስ መጀመሪያ የሰማሁት እልልታውን ሲያወሩ ነው። "የእናንተ ድንጋይ ተመረጠች" አሉኝ። እማ እጄን ያዘችኝ። እኔ ሳቅሁ መሰለኝ።

በማግሥቱ ተናግሬ ላወጣት ነበር። እንዲያውም ቻላቸው ጋ ሄጄ "ይህቺ ድንጋይ" ብዬ ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ቀድሞ "በሥራዬ ሁሉ እንደዚህ ያለ ክብር አግኝቼ አላውቅም" አለኝ። "ደስ ይላል" ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ መንገዱ ተዘጋ። ሲሚንቶ ከጎንደር መምጣት አቆመ። ግንቡ በወገብ ላይ ቀረ፤ ሠራተኛው ወደየቤቱ ገባ።

ሦስት ወር ያህል ሥራ አልነበረም። እኔ ግን በየጠዋቱ እሄድ ነበር። ያልተጨረሰ ግንብ የሚከታተለው ሰው ካጣ የሚፈርስ ይመስለኛል። ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን እጽፍና "ዛሬ ሥራ የለም" እላለሁ። በበነጋውም "ዛሬ ሥራ የለም"። ሰማንያ አራት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንዳንዴ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፤ እሱን አልጻፍኩም፤ የግንባታ ጉዳይ አይደለም። እዚያው ማዕዘኑ ጋ ቆሜ ድንጋይዋን አያታለሁ። ለማውጣት ቀላሉ ጊዜ ያ ነበር፤ ከላይዋ አንድ ድርድር ብቻ ነበር ያለው። ግን ወደ ገበያ የሚያልፉ ሴቶች እየተሳለሟት ነበር። አንዲት ሴት ግንባሯን አስነክታት ስታለቅስ አየሁ፤ ልጇ ከወጣ አልተመለሰም ይላሉ። እንዴት ብዬ "እናቴ፣ እሷ እኮ የከብት ጨው ማላሻ ናት" ልበላት? አልቻልኩም። ዝም ባልኩ ቁጥር ዝምታው እየከበደ ሄደ፤ በላዩ ላይ ሌላ ድርድር እንደሚገነባበት ግንብ።

ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ግንቡ አለቀ፤ ክረምቱ ገባ። ዝናቡ የኖራውን መስቀል አጠበው። መስቀሉ ሲጠፋ ጎድጓዳዋ ብቻ ቀረች፤ ለስልሳ፣ እንደ መዳፍ። ማንም በመሮ አልጠረባትም። የሦስት ትውልድ ከብት ምላስ ነው የቆፈራት። ሰዎች ግን ለምዷቸው ስለ ነበር መሳለማቸውን አልተዉም።

ቆርቆሮው ከመስቀል በኋላ ተመታ። በር፣ መስኮት፣ ቀለም። ከዚያ ፍሪጁ መጣ። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ፤ የክትባት ማስቀመጫው ፍሪጅ በሱ ነው የሚሠራው። ሐኪሟ ዶክተር ጥበብ ትባላለች፤ ከጎንደር ነው የመጣችው፤ አጭር ናት፣ ድምፅዋ ግን ከሜዳው ማዶ ይሰማል። ፍሪጁን ከፍታ "ይኸው፣ የአባ ጎርባ" ብላ ትንሿን ጠርሙስ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀዝቃዛ ነበረች። አውራ ጣት የምታህል ናት። ለዚህች ነበር ሦስት ቀን የጠበቅከው? ጠርሙሷን ይዤ ብዙ ሳልቆይ አልቀረሁም፤ "እንዳትሞቅ፣ መልሺልኝ" አለችኝ። ወንድምዓለም፣ ከእንግዲህ ከዚህ መንደር ማንም ለክትባት ደባርቅ በእግሩ አይሄድም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው አንድ ዓመት ከግንብ ሥር የቆምኩት ብል ማጋነን አይደለም።

የመጀመሪያው የክትባት ቀን የዋለው ከጥምቀት በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው። ከብቱ ከየጎጡ ተነድቶ ሜዳውን ሞላው። ከብት አንድ በአንድ እየገባ የሚቆምበት የእንጨት ማገቻ ከፊት ለፊት በኩል ተሠርቶ ነበር። አዲስ እንጨት፣ አዲስ የቀለም ሽታ፣ የማያውቁት ነጭ ካፖርት። አንዱም አልገባም አለ። ገመድ ተበጠሰ። የአያ ዋሴ በሬ ባለቤቱን አቧራ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አያ ዋሴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ "ተዉት፣ ደረጃ ቢኖር ይገባ ነበር" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ዓመት የተከታተልኩት ሕንፃ ከብት የማይገባበት ሕንፃ ሊሆን ነው ብዬ ላማችንን ራሴ ወደ ማገቻው ጎተትኩ።

ያን ጊዜ ነው የኛ ላም ከእጄ ያመለጠችው። ጥጃዋን ጥላ፣ ሕንፃውን ዞራ ሄደች። ተከትያት ስሮጥ ከኋለኛው ማዕዘን አገኘኋት። ቆማለች። ምላሷን አውጥታ ድንጋይዋን ትልሳለች። ዓይኗን ጨፍናለች ማለት ይቻላል። ይህች ላም ያቺን ድንጋይ ከዚያ በፊት ልሳ አታውቅም፤ እሷ ስትወለድ በረቱ ባዶ ነበር። የስንት ዓመት ጨው ውስጧ ቢጠጣ ነው ከዝናብ በኋላም የሚሸታት? ዶክተር ጥበብ ከኋላዬ ደረሰች፤ ምንም ሳትል መርፌዋን አዘጋጅታ አንገቷ ላይ ወጋቻት። ላሟ አልተንቀሳቀሰችም። ቀጥሎ የአያ ዋሴ በሬ ራሱ መጣ፤ ገፋ አድርጎ ቦታ ያዘ። ከዚያ ሌሎቹ፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። እስከ ስድስት ሰዓት ሰባ አራት ከብት ተከተበ፤ አንድም አልታሰረ።

ሐኪሟ ጣቷን ድንጋይዋ ላይ አሳርፋ ቀመሰች። "ይህ ድንጋይ ምንድን ነው?" ብላ ጮክ ብላ ጠየቀች። ሰዎቹ "የተባረከው ነው" አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ቄስ ሀብተ ሚካኤልን አየ፤ ቄሱ ደግሞ እኔን አዩ። አንደበቴ እንዴት እንደ ተፈታ አላውቅም። "አልተባረከችም። የአባቴ በረት የጨው ድንጋይ ናት። መስቀሉን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እንዳትወሰድ ብዬ ነው። የወንድሜ አደራ ናት" አልኩ። ከብቶቹ ሲልሱ ብቻ ይሰማል።

ቄሱ ቀረብ ብለው ድንጋይዋን ዳበሷት። "እኔስ አልባረክኋትም፤ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር" አሉ። ቀጥለውም "ሰባ አራት ከብት ያለ ገመድ ያቆመች ድንጋይ፣ የእኔን ቡራኬ ትጠብቃለች?" አሉ። ሄድ ካሉ በኋላ ደግሞ ዞር ብለው "ልጄ ዙፋን፣ ከእንግዲህ ዕቃሽን በመስቀል አትዝጊ፤ ቁልፍ ግዢ" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ሰው የሳቀው። ቻላቸው ብቻ አልሳቀም። ለብቻው ቆይቶ መጣና "የከብት ማላሻ ነበር ቆቤን ያወለቅሁለት?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና "ደግሜም አወልቃለሁ" ብሎ ሄደ። አሁን ማገቻውን ከፊት ነቅሎ ወደ ኋለኛው ማዕዘን አዙሮታል፤ መሐንዲሱም ፕላኑ ላይ በእርሳስ አስገብቶታል።

እማ ከሰዓት በኋላ ከቤት አንዲት ቁራጭ አሞሌ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ማንንም ሳታነጋግር ጎድጓዳዋን በጨው አሸችው። አባባ ከተቀመጠበት ቀን ወዲህ በዚያች ድንጋይ ላይ ጨው ሲነካ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው። ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "ጻፊለት" አለችኝ። "እኔ ብነግረው ያለቅሳል፤ አንቺ ብትጽፊለት ያነባል።"

እንግዲህ ያነበብከው ይህ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከየቤቱ የመጣውን ድንጋይ የመዘገብኩበት ደብተር ክሊኒኩ ሲመረቅ ለጽሕፈት ቤቱ ይገባል። ሁሉም ቤት ስሙና ያመጣው ሸክም ተጽፎ ነበር፤ የጨው ድንጋይዋን መስመር ግን ባዶ ትቼው ነበር። ባለፈው ሐሙስ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሞላሁት። "ከያርጋል፣ አንዲት የጨው ድንጋይ፣ በውሰት" ብዬ ጻፍኩ። አያ ዋሴ "ግንብ በውሰት አይሠራም፣ ስጦታ በይው" አሉ። "ያልሰጠውን እንዴት ሰጠ ልበል?" አልኳቸው። ብዙ አጉረመረሙ። በመጨረሻ "ወንድምሽ አበዳሪ ይሁን እንግዲህ" ብለው ፈረሙ፤ ማኅተሙም ተመታበት። ስምህ እዚያ አለ። ሰው ሁሉ ሸክሙን ሰጥቷል፤ አበዳሪ ግን አንተ ብቻ ነህ።

ቻላቸውን ጠይቄዋለሁ። ከላይ ድጋፍ አስገብቶ፣ ድንጋይዋን በአንድ ቀን አውጥቶ፣ ቦታዋን በሌላ ድንጋይ ሊሞላው ይችላል። ግንቡ ምንም አይሆንም አለ። እኔም አላስቸግርም። ቃልህ ቃል ነው፤ አደራም አደራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ፤ ሰው አትላክባት። ለመውሰድ ራስህ ና። ስትመጣ ወገብ ከፍታ ላይ ጎድጎድ ብላ ታገኛታለህ፤ ወደ ግራዋ ጥግ ያለችው ያቺ ስንጥቅ፣ አንተ በልጅነትህ በመጥረቢያ የመታሃት፣ አሁንም አለች። እጅህን አስነካት፣ ከብቶቹ ሲቆሙባት እይ፣ ከዚያ ወስን። ከብት ገዝተህ ከመጣህም የትም ይደሩ፣ ሊከተቡ እሷ ጋ ስለሚቆሙ ከሷው መጀመርህ አይቀርም። እኔ ደግሞ መስመሯን ወይ "ተመለሰ" ብዬ እዘጋዋለሁ፣ ወይ እንዲሁ እተወዋለሁ።

እስከዚያው ግን ልንገርህ፤ ኮርቻለሁ። ኩራትና ፍርሃት አንድ ማሰሪያ ላይ ሲታሰሩ እንዲህ እንደሚጎትቱ አላውቅም ነበር። ጠዋት ስሄድ አሁንም ቱምቢ ያለ ይመስል አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ማዕዘኑን አየዋለሁ። ቀጥ ብሏል።

እማ ዓይንህን ስማ፣ "ወገቡን በትኩስ ውኃ ይታሽ" ብላለች፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ ሁለት ገጽ የሚሞላ ምርቃት አላት፣ ሲደወል ራሷ ትመርቅህ። ዓለምነህ "ጥጃዋን ያርጋል ይሰይማት" ይላል፤ ስም አስበህ ላክልን፣ እስካሁን "አንቺ" እያልን ነው የምንጠራት። አያ ዋሴ ሰላም ብለውሃል፤ "አበዳሪው መቼ ነው የሚመጣው" እያሉ መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ስምህን በቅዳሴ እንደማይረሱ ነግረውኛል። ለብርሃኔ ከእኔ የእኅት ሰላምታ ይድረሳት፤ ልጅህን ደግሞ ሁለቱን ጉንጮቿን፣ አንዱን ለእማ፣ አንዱን ለእኔ ሳምልን።

ይህን ደብዳቤ ጎንደር ለሚወርድ ሰው እሰጠዋለሁ፣ እሱ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል። ሲደርስህና ስትደውል ስለ ጤናዬ አትጠይቀኝ፤ ጤነኛ ነኝ። መጀመሪያ "ድንጋይዋ አለች?" በለኝ። እንደዚያ ብለህ እስክትጠይቀኝ ድረስ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ነው የማነሳው።

እኅትህ ዙፋን

ጓሳ ሜዳ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ መንገድ ዳር
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.